ኢዙሞ ታይሻ፦ ስለ ጃፓኑ የፍቅር መቅደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኢዙሞ ከተመለስኩ ወዲህ “ጃፓን እንዴት ነበር?” ብሎ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው። “እውነት ባል ይሰጣል?” ያለኝ ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ እየሳቀ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ እየሳቀ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚህ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው።

ቦታው የት ነው?

ሺማኔ በሚባለው ግዛት፣ ኢዙሞ ከተማ ውስጥ ነው። የጃፓንን ካርታ ስታዩ ቶኪዮና ኦሳካ ካሉበት ወገን ሳይሆን በጀርባው፣ ወደ ኮሪያ በሚያየው የባሕር ዳርቻ በኩል ፈልጉት። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን እዚያ አይደርስም። ለዚህም ይመስለኛል ኪዮቶ ላይ የሚያጋጥማችሁ የቱሪስት ግፊያ እዚህ የሌለው። የመቅደሱ መደበኛ ስም ኢዙሞ ኦያሺሮ ነው፣ ሰው ግን ኢዙሞ ታይሻ ነው የሚለው። እስከ 1871 ድረስ ደግሞ ኪዙኪ ይባል ነበር፣ የቆዩ ጽሑፎች ላይ ይሄ ስም ቢያጋጥማችሁ ሌላ ቦታ አይምሰላችሁ።

እና እውነት ባል (ወይም ሚስት) ይሰጣል?

ጃፓኖቹ ራሳቸው “ባል ይሰጣል” አይሉም። የሚሉት “ኤንሙሱቢ” ነው። ሙሱቢ ማለት ማሰር፣ መቋጠር ነው። ኤን የሚለውን ቃል ነው ለማስረዳት የሚያስቸግረው። ሰውን ከሰው የሚያገናኝ የማይታይ ነገር ማለት ነው፤ እኛ “ጽዋ ተርታ” የምንለው ይቀርበዋል፣ ግን ኤን ለትዳር ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይሆናል። ከአለቃህ ጋር ያገናኘህ ኤን ነው፣ ከጎረቤትህ ጋር ያለህ ኤን ነው፣ በአውቶቡስ አጠገብህ ተቀምጦ ሥራ ያገኘልህ ሰውም ኤን ነው።

ስለዚህ እዚያ ሄደው የሚጸልዩት ውሃ አጣጭ የሚፈልጉ ወጣቶች ብቻ አይደሉም። ከልጃቸው ጋር የተኳረፉ ሽማግሌዎች፣ ሱቅ ሊከፍቱ ያሰቡ ሰዎች፣ አዲስ ሥራ የጀመሩ ሁሉ ይሄዳሉ። ይሄንን ሳያውቅ የሄደ ሰው ቦታውን እንደ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ያየዋል፣ ሳንቲም ጥሎ ባል እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚያ ምን አገኘሁ ብሎ ያኮርፋል።

አምላኩ ማነው? ለምንስ ከፍቅር ጋር ተያያዘ?

ስሙ ኦኩኒኑሺ ነው። “የታላቋ ምድር ጌታ” እንደማለት። በ712 የተጻፈው ኮጂኪ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ታሪኩን ይነግረናል፣ እኔ የምወደውም የጥንቸሏን ነው።

ኦኩኒኑሺ ሰማንያ ወንድሞች ነበሩት። ሁሉም ያጋሚሂሜ የምትባል የኢናባ ልዕልትን ሊያገቡ ተነሱ፣ እሱን ዕቃ አሸክመው ከኋላ አስከተሉት። መንገድ ላይ ቆዳዋ የተገፈፈ ጥንቸል አገኙ። ወንድሞቹ “በጨው ውሃ ታጠቢና ንፋስ ላይ ተቀመጪ” አሏት፣ ጭካኔያቸው! ቁስሉ ባሰባት። ዕቃ ተሸካሚው መጨረሻ ላይ ሲደርስ በንጹሕ ውሃ እንድትታጠብና በደንገል አበባ ብናኝ ላይ እንድትንከባለል መከራት፣ ዳነች። ጥንቸሏም “ልዕልቲቱ የምትመርጠው አንተን ነው” አለችው። እንዳለችውም ሆነ። ግቢው ውስጥ በየጥጉ ትንንሽ የድንጋይ ጥንቸሎች የምታዩት ለዚህ ነው፣ አንዳንዶቹ ሲጸልዩ፣ አንዳንዶቹ መጽሐፍ ሲያነቡ።

እዚህ ላይ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ይሄ “የፍቅር አምላክ” በኋላ ሱሴሪቢሜ የምትባል ዋና ሚስት አገባ፣ ያጋሚሂሜም ሱሴሪቢሜን ፈርታ ልጇን የዛፍ ቅርንጫፍ መሃል ትታ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያም ሌሎች ሚስቶች ነበሩት፣ ልጆቹም ከመቶ በላይ ናቸው ይባላል። የአንድ ለአንድ ምሳሌ እንዲሆናችሁ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ተሳስታችኋል።

ከኤን ጋር ያገናኘው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኦኩኒኑሺ የሚታየውን ምድር ለፀሐይዋ አምላክ ለአማቴራሱ ዘሮች አስረከበ፣ በምትኩ ትልቅ ቤት ተሠራለትና የማይታየውን ዓለም እንዲያስተዳድር ሆነ። በሰዎች መካከል ያለው ትስስር የማይታይ ነገር ነውና የእሱ ድርሻ ሆነ ማለት ነው። ትልቅ ቤት የተባለውም ይሄው ዛሬ የምንሄድበት መቅደስ ነው።

ክርስቲያን ነኝ። ብሄድ ችግር አለው?

ይሄን ለንስሐ አባታችሁ ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ እኔ የጉዞ ጸሐፊ ነኝ። በተግባር በኩል ያለውን ብቻ ልንገራችሁ፦ በሩ ላይ ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ የለም፣ ስገዱ ብሎ የሚያስገድድም የለም። ግቢውን እንደ ታሪክ ቦታ ዞሮ አይቶ መውጣት ይቻላል። መግቢያው ነጻ ነው። ሌሎች ሲጸልዩ ከፊታቸው ቆሞ ሰልፊ አለማንሳት ብቻ ይበቃል።

ጫማ ማውለቅስ? ለሚሉኝ፣ ግቢው ውስጥ አይወለቅም። እኔ ልማድ ሆኖብኝ የውጭው በር ላይ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያዬን ፈትቼ ነበር፣ ከኋላዬ የነበሩት ባልና ሚስት ምን ሆና ነው ብለው ቆመው ጠበቁኝ።

እንዴት ይደረሳል?

ከቶኪዮ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይወስዳል። የአውሮፕላን ማረፊያው ቅጽል ስም “ኢዙሞ ኤንሙሱቢ” ነው፣ እውነቴን ነው፣ ኤርፖርቱን ሳይቀር የፍቅር አድርገውታል። በባቡር ከመጣችሁ እስከ ኦካያማ በሺንካንሰን፣ ከዚያ ያኩሞ በሚባለው ባቡር ተራራውን አቋርጦ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ያኩሞ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆድ የሚረበሽባችሁ ሰዎች ተዘጋጁ።

እኔ ግን የምመክረው ሰንራይዝ ኢዙሞ የተባለውን የሌሊት ባቡር ነው። ጃፓን ውስጥ በየቀኑ የሚሄድ የመኝታ ባቡር ከእሱና ከጓደኛው ከሰንራይዝ ሴቶ ሌላ አልቀረም። ማታ ለ4 ሰዓት 10 ጉዳይ ሲሆን ከቶኪዮ ይነሳል፣ 12 ሰዓት ያህል ተኝታችሁ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ኢዙሞ ናችሁ። ምንጣፍ ላይ የሚተኛበት ርካሽ ቦታም አለው። ትኬቱ ከአንድ ወር በፊት ሲከፈት ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ከኢዙሞ ከተማ ጣቢያ መቅደሱ ድረስ አውቶቡስ አለ፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ኢቺባታ የሚባለው ትንሽ ባቡርም ይሄዳል፣ ካዋቶ ላይ ይቀየራል። የመጨረሻው ጣቢያ በ1930 የተሠራ ሲሆን ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች አሉት፣ በጠዋት ብርሃን ሲገባበት ቆም ብሎ የማያይ የለም።

ቪዛ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ያስፈልጋችኋል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ላላችሁ ለአጭር ጉብኝት አያስፈልግም።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ዋናው ጊዜ በድሮው የጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር ነው፣ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ብዙ ጊዜ የእኛ ኅዳር አካባቢ ይውላል። ይሄ ወር በመላው ጃፓን “ካንናዙኪ” ይባላል፣ አማልክት የሌሉበት ወር እንደማለት። ኢዙሞ ላይ ብቻ ግን “ካሚአሪዙኪ” ነው፣ አማልክት ያሉበት ወር። ለምን ቢባል የጃፓን አማልክት በሙሉ ያን ሰሞን ለስብሰባ ኢዙሞ ይመጣሉ ተብሎ ይታመናል። አጀንዳው? በመጪው ዓመት ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ መወሰን። የሽማግሌ ጉባኤ በሉት፣ ጃፓን በሙሉ የሚዳርበት።

በአሥረኛው ወር በአሥረኛው ቀን ማታ፣ ከመቅደሱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ምዕራብ በሚገኘው ኢናሳ የባሕር ዳርቻ እሳት ይነዳል፣ አማልክቱን ከባሕሩ ይቀበሏቸዋል። ከዚያ ሰልፉ በጨለማ ወደ መቅደሱ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ግራና ቀኝ ረዘም ያሉ፣ ብዙ በር ያላቸው የእንጨት ቤቶች አሉ፣ የአማልክቱ ማደሪያ ናቸው። በሌላ ጊዜ ዝግ ናቸው፣ ያን ሳምንት በሮቻቸው ይከፈታሉ። የአካባቢው ሰው በስብሰባው ሰሞን ጮክ ብሎ አለማውራት፣ አለመዝፈን ልማዱ ነበር፣ ስብሰባው እንዳይረበሽ።

በዚያ ሰሞን ሆቴል ማግኘት ግን ከባድ ነው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ በሌላ ጊዜ፣ በተለይ በማለዳ 12 ሰዓት ላይ ግቡ። በዚያ ሰዓት የጠጠሩን ኮሽታ ትሰማላችሁ።

ስገባ ምን ላድርግ? የጭብጨባው ነገር ግራ ገባኝ።

መጀመሪያ መንገዱ ራሱ ይገርማል። ብዙ ጊዜ መቅደስ ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚደረሰው። እዚህ ግን ትልቁን በር ካለፋችሁ በኋላ ቁልቁል ነው የምትሄዱት። እየወረዳችሁ በስተቀኝ ትንሽ መቅደስ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። መንጻት እዚያ ይጀመራል። ከዚያ የጥድ ዛፎቹ መሃል ስትደርሱ መሃለኛውን ትታችሁ በጎንና በጎኑ ባሉት መንገዶች ሂዱ፣ የዛፎቹ ሥር እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። ከዚያ ውሃው ጋ እጅ መታጠብና አፍን መጉመጥመጥ ነው፣ ግራ እጅ መጀመሪያ።

ጃፓን ውስጥ በአብዛኞቹ ሌሎች መቅደሶች ደንቡ ሁለት ጊዜ እጅ መንሳት፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንድ ጊዜ እጅ መንሳት ነው። ኢዙሞ ላይ ጭብጨባው አራት ነው። እኔ ሁለቴ አጨብጭቤ፣ በራሴ ተማምኜ ዝቅ ስል፣ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት እናት ሳያዩኝ ቀጠሉ፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በዓይናቸው ጥግ አይተውኝ ፈገግ አሉ። ድጋሚ ጀመርኩ። ግንቦት ላይ በሚውለው ዋናው ዓመታዊ በዓል ካህናቱ ስምንት ጊዜ ያጨበጭባሉ።

ሳንቲም ይጣላል። ብዙ ሰው 5 የን ነው የሚጥለው፣ “ጎ ኤን” ስለሚባል ነው፤ አምስት የን ማለትም ነው፣ በክብር ሲጠራ ኤን ማለትም ነው። ቅኔ ለሚወድ ሰው ይሄ ብቻ ደስ ይላል።

ፎቶ ላይ የማየው ያ ግዙፍ ገመድ የት ነው ያለው?

ሰው ሁሉ ዋናው ሕንጻ ላይ ይመስለዋል፣ አይደለም። ከዋናው ግቢ ወጣ ብሎ በስተምዕራብ ካጉራደን የሚባል አዳራሽ አለ፣ እዚያ ነው። ርዝመቱ ከ13 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ ከ5 ቶን በላይ ነው፣ ከሩዝ ገለባ የተፈተለ። ሺሜናዋ ይባላል። ኢናን የምትባል የተራራ ከተማ ሰዎች ናቸው የሚሠሩት፣ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፣ በ2018 ተቀይሮ ነበር። የተገመደበት አቅጣጫም ከአብዛኞቹ ሌሎች መቅደሶች ተቃራኒ ነው።

ከሥሩ ሆናችሁ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ገለባው ውስጥ ማሰካት ዕድል ያመጣል የሚል ወሬ አለ። አታድርጉት። ገመዱን ይጎዳል፣ መቅደሱም አይፈልገውም፣ ደግሞ ሳንቲሙ ተመልሶ ሰው አናት ላይ ነው የሚያርፈው።

ዋናው ሕንጻ ውስጥ መግባት ይቻላል?

አይቻልም። ስምንት እግር ባለው በር ፊት ቆማችሁ ነው የምትጸልዩት፣ በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀናት ብቻ ያንን በር ማለፍ ይፈቀዳል። በ1890 ማትሱኤ ከተማ መምህር ሆኖ የመጣው ላፍካዲዮ ሄርን ወደ ዋናው ሕንጻ እንዲገባ የተፈቀደለት የመጀመሪያው ምዕራባዊ ነው ይባላል። እኛ በአጥሩ ዙሪያ ነው የምንዞረው። ስትዞሩ በስተምዕራብ በኩል ቁሙ። አምላኩ ውስጥ የተቀመጠው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው ስለሚባል፣ የሚያውቁት ሰዎች ከፊት ከጸለዩ በኋላ እዚያም ሄደው ይደግማሉ።

አሁን ያለው ሕንጻ የ1744 ነው፣ ቁመቱ 24 ሜትር። ታሪኩ ግን ድሮ 48 ሜትር ነበር ይላል። ለእንጨት ቤት! ምሁራኑ ለረጅም ጊዜ ተረት ነው ብለው ነበር። የመቅደሱ የካህናት ቤተሰብ ሦስት ሦስት ግንድ አንድ ላይ ታስሮ አንድ ምሰሶ ሲሆን የሚያሳይ አሮጌ ሥዕል ነበረው፣ እሱንም ብዙዎች አላመኑትም። በ2000 ግቢው ሲቆፈር ሦስት ግዙፍ የዝግባ ግንዶች አንድ ላይ ታስረው ተገኙ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። በ1248 ከተሠራው ሕንጻ እንደሆኑ ይታሰባል። ቁመቱ 48 ሜትር መሆኑን ባያረጋግጥም የሥዕሉ ባለቤቶች ውሸታም እንዳልነበሩ አሳየ።

የተገኙበት ቦታ መሬቱ ላይ በሦስት ክቦች ምልክት ተደርጎበታል፣ ሰው ሳያውቅ ረግጦት ያልፋል። ግንዶቹን የሚያሳየው የጥንታዊ ኢዙሞ ሙዚየም አጠገቡ ነው፣ ለእድሳት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ክፍት ከሆነ እንዳያመልጣችሁ። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ አንደኛ እሱ ነበር።

ስለ አሸዋው ሰማሁ። ምንድነው?

ከዋናው ሕንጻ ጀርባ ሶጋ የምትባል ትንሽ መቅደስ አለች፣ የአማቴራሱ ወንድም የሆነው አምላክ የሱሳኖኦ ናት። ሰዎች መጀመሪያ ኢናሳ ባሕር ዳርቻ ሄደው ትንሽ አሸዋ ያመጣሉ፣ እዚህ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡና በፊት ከነበረው ደረቁን አሸዋ ይወስዳሉ፣ ቤታቸው ወይም ግቢያቸው ይበትኑታል። የእኛን እምነት በቋጠሮ ይዞ መመለስ ያስታውሳል። ደንቡ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሳታመጡ መውሰድ የለም፣ ያመጣችሁትን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የምትወስዱት። እና እባካችሁ መጀመሪያ ባሕሩ ጋ ሂዱ። እኔ ሳላውቅ መቅደሱን ጨርሼ፣ ለአሸዋ ብዬ ሄጄ ተመለስኩ፣ በሐምሌ ሙቀት።

ከፍቅረኛዬ ጋር ብሄድ እንለያያለን የሚሉት እውነት ነው?

ስለ ብዙ የጃፓን መቅደሶች የሚወራ ወሬ ነው፣ ቀናተኛ አምላክ ጥንዶችን ትለያያለች የሚል። ኢዙሞ ላይ ይሄን ለማመን ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰው እዚያው ነው የሚጋባው። በ2014 የንጉሣዊው ቤተሰብ ልዕልት ኖሪኮ የመቅደሱን ዋና ካህን ልጅ ሴንጌ ኩኒማሮን ያገባችው እዚሁ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሁለቱም ቤተሰቦች ከፀሐይዋ አምላክ ነው የሚወለዱት፣ ዘመድ ተጋባ ማለት ነው፣ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ያስቃል።

ብቻዬን ብሄድስ አያሳፍርም?

አብዛኛው ሰው ብቻውን ወይም ከሴት ጓደኞቹ ጋር ነው የሚመጣው። አያሳፍርም።

ምን ይበላል? ጾም ላይ ብሆንስ?

ኢዙሞ ሶባ ነው ዝነኛው፣ ሶባ ከተፈጨ እህል የሚሠራ እንደ ፓስታ ረዘም ያለ ምግብ ነው። እህሉ ከነልጣጩ ስለሚፈጭ ጠቆር ይላል፣ ጠንከር ያለ ጣዕም አለው። ሦስት ክብ ሳህን ተደራርቦ ይመጣላችኋል፣ ማጣቀሻውን ከሌላው ሶባ በተለየ ከላይ ነው የምታፈሱት። የመጀመሪያውን ሳህን ስትጨርሱ የተረፈውን መረቅ ወደ ሁለተኛው ትገለብጣላችሁ።

ጾመኞች ግን ልብ በሉ፣ ያ መረቅ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ነው። “ሥጋ የለበትም” ብለው ቢነግሯችሁ እውነታቸውን ነው፣ ዓሣው ግን አለ። ዓሣ ለማትበሉ ዜንዛይ ይሻላል፤ ቀይ ባቄላ በስኳር ተቀቅሎ፣ የሩዝ ሊጥ ሙክክ ብሎ የሚገባበት ትኩስ ጣፋጭ ነው። የመጣውም ከኢዙሞ ነው ይላሉ፣ የአማልክቱ ስብሰባ ሰሞን ከሚቀርበው ምግብ።

ኢዙሞ ድረስ ጊዜ የለኝም። ሌላ ቦታ አለ?

ቶኪዮ ከሆናችሁ ኢዳባሺ ጣቢያ አጠገብ ቶኪዮ ዳይጂንጉ አለ፣ በ1880 የተመሠረተ፣ ትንሽ ግን ሁልጊዜ በወጣት ሴቶች የተሞላ። ኢዙሞ ከደረሳችሁና ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ ማትሱኤ ያለው ያኤጋኪ የሚባለው መቅደስ እንዳይቀርባችሁ። ጫካው ውስጥ ኩሬ አለ። የተገዛውን ስስ ወረቀት ውሃው ላይ አስቀምጣችሁ ሳንቲም ትጭኑበታላችሁ። ቶሎ ከሰጠመ ጋብቻው ቅርብ ነው፣ ከቆየ ሩቅ። አጠገባችሁ ከሰጠመ በቅርብ ያለ ሰው፣ ርቆ ከሄደ የሩቅ አገር ሰው። የእኔ ሰባት ደቂቃ ቆየና እግሬ ሥር ሰጠመ። አጠገቤ የነበረው የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነው፣ ስልሳ ዓመት ይሆነዋል።

ለእህቴ ምን ይዤላት ልመለስ?

ዕጣ የሚወጣበት ወረቀት አለ፣ የኢዙሞው ግን እንደ ሌላው ቦታ “ታላቅ ዕድል” ወይም “መጥፎ ዕድል” አይልም፣ ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው። ጽሑፉን የሚያነብላት ካልተገኘ አትድከሙ። ኦማሞሪ የሚባሉት የጨርቅ ክታቦች ብዙ ዓይነት ናቸው። ጥሩው ግን የኤንሙሱቢ ክር ነው፣ ቀይና ነጭ፣ ቀላል፣ ሻንጣ የማይሞላ። ልብስ ላይ ይሰፋል ወይም ቦርሳ ውስጥ ይያዛል።

እኔ ለእህቴ ያመጣሁላት እሱን ነው። ባለፈው ቤቷ ስሄድ የባሏ ሸሚዝ ቁልፍ በቀይ ክር ተተክሎ አየሁት። ቤት ውስጥ ሌላ ክር ስላልነበረ ነው አለችኝ።